አንድ መተግበሪያ የስልኩን ስክሪን ሙሉ በሙሉ ማንሳት ይችላል?

ስለ ስክሪንሾት ሁለት እርስ በርስ የሚጋጩ አባባሎች ይሰማሉ። ብዙ ተጠቃሚዎች ስልካቸው ላይ የጫኑት ማንኛውም መተግበሪያ የሚያዩትን ሁሉ በድብቅ እያነሳ ወደ ሌላ ቦታ ይልካል ብለው ይሰጋሉ። የመተግበሪያ አበልጻጊዎች ደግሞ በተቃራኒው ያማርራሉ፤ ተጠቃሚው ሁለት ቁልፍ ተጭኖ በቅጽበት የሚያገኘውን ምስል በኮድ ለማግኘት ቀናት ይፈጅባቸዋል፤ አይፎን ላይ ደግሞ ጭራሽ መንገድ ያጣሉ። ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋል። ስጋቱም ምሬቱም ግን የሚያነጣጥሩት የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው።

ለውዥንብሩ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የስፓርክካት ጉዳይ ነው። የሳይበር ደኅንነት ኩባንያው የካስፐርስኪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ይፋ ያደረጉት ይህ ጎጂ ፕሮግራም በጎግል ፕሌይና በአፕ ስቶር በተለቀቁ መተግበሪያዎች ውስጥ ተሸሽጎ የክሪፕቶ ቦርሳ መልሶ ማግኛ ቃላት የሰፈሩባቸውን ስክሪንሾቶች ያፈላልግ ነበር። ነገር ግን ስክሪን አላነሳም። የፎቶ ፈቃድ ካገኘ በኋላ ባለቤቶቹ ራሳቸው አንስተው ጋለሪ ውስጥ ያስቀመጧቸውን ምስሎች ነው ጽሑፍ በሚለይ ሶፍትዌር ያበጠራቸው። ጋለሪ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ስክሪን ማንሳት ሌላ። ፈቃዳቸውም መከላከያቸውም ይለያያል።

ነገሩን ግልጽ የሚያደርገው አንድ ጥያቄ ነው፦ የሚነሳው ፒክስል፣ ማለትም ምስሉን የሚሠራው የስክሪን ነጥብ፣ የማን ነው? መተግበሪያው ራሱ የሳለው ከሆነ ማንም አይጠይቀውም። የሌላ ከሆነ ደግሞ ያለ ተጠቃሚው ግልጽ ስምምነት የሚከፈት በር የለም ማለት ይቻላል።

ምስሉ ስክሪን ላይ የሚደርሰው እንዴት ነው?

ስልክ ላይ የምናየው አንድ ወጥ ምስል ይመስላል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ተደራርቦ የተገጣጠመ ነው። የተከፈተው መተግበሪያ የራሱን መስኮት ይስላል። ሰዓትና ባትሪ የሚያሳየው የላይኛው መስመርና ድንገት የሚወርደው ማሳወቂያ የስርዓቱ ናቸው። ኪቦርዱ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ፕሮግራም ነው። እያንዳንዳቸው የሚስሉት ለየብቻ በተሰጣቸው የሜሞሪ ክፍል ላይ ሲሆን አንድሮይድ ላይ ይህ ክፍል ሰርፌስ ይባላል። ሰርፌሶቹን በቅደም ተከተል ደራርቦ ወደ ስክሪኑ የሚልካቸው ሰርፌስ ፍሊንገር የተባለው የስርዓተ ክወናው ክፍል ነው፤ ይህንንም እንደ ስክሪኑ ዓይነት በሰከንድ እስከ 60፣ 90 ወይም 120 ጊዜ ያደርጋል።

ስለዚህ የተገጣጠመው ሙሉ ምስል ያለው በዚህ አቀናባሪ እጅ ነው፤ የትኛውም መተግበሪያ እጅ አይገባም። አንድሮይድ እያንዳንዱን መተግበሪያ በተለየ የተጠቃሚ መለያ ቁጥር ስለሚያስኬደው አንዱ የሌላውን ሜሞሪ ማንበብ አይችልም። የተገጣጠመውን ምስል በቀጥታ የማንበብ ፈቃድ በስርዓቱ ውስጥ አለ፤ የሚሰጠው ግን በስልኩ አምራች ቁልፍ ለተፈረሙ የስርዓቱ ፕሮግራሞች ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ አበልጻጊዎችን ደጋግሞ የሚያሳስት ነገር አለ። ስክሪንካፕ የተባለው ትእዛዝ ከኮምፒውተር በኤዲቢ፣ ማለትም ስልክን ከኮምፒውተር ለማዘዝ በሚያገለግል የአበልጻጊዎች መሣሪያ፣ በኩል ሲላክ ሙሉውን ስክሪን አንስቶ ያመጣል። ያንኑ ትእዛዝ ከመተግበሪያ ውስጥ የሚጠራ ኮድ ሲጻፍ ግን ውጤቱ ባዶ ፋይል ወይም ስህተት ይሆናል። በኤዲቢ የሚመጣ ትእዛዝ የሚፈጸመው ተጨማሪ ሥልጣን ባለው የሼል ተጠቃሚ ስም ነው፤ ከመተግበሪያው የሚመጣው ግን በመተግበሪያው ስም ነው። ሩት የተደረገ፣ ማለትም የስርዓቱ ሙሉ ሥልጣን የተከፈተበት፣ ስልክ ይህን አጥር ያፈርሰዋል፤ በዚያ ላይ የተመሠረተ ምርት ግን ለሰፊው ተጠቃሚ አይሆንም።

የራስን መስኮት ማንሳት

የራስን ፒክስል ማንሳት ፈቃድ አይጠይቅም። አንድሮይድ ላይ የቆየው ዘዴ በስክሪኑ ልክ ባዶ ቢትማፕ፣ ማለትም የፒክስል ሠንጠረዥ፣ አዘጋጅቶ የመስኮቱን ዋና ቪው፣ ማለትም ሌሎቹን የገጽ ክፍሎች ሁሉ የያዘውን ክፍል፣ በላዩ ላይ እንዲሳል ማዘዝ ነው። ቀላል ቢሆንም ቀዳዳ አለው፤ ቪዲዮ፣ ካርታና ካሜራ ብዙ ጊዜ የራሳቸው ሰርፌስ ስላላቸው በቦታቸው ጥቁር ሳጥን ይቀራል። ምስሎቹ በግራፊክስ ሜሞሪ ላይ ብቻ የተቀመጡ ሃርድዌር ቢትማፖች ከሆኑ ደግሞ ፕሮግራሙ በስህተት ይቋረጣል።

ለዚህ የመጣው መፍትሔ ፒክስል ኮፒ ነው። በአንድሮይድ 7 ከሰርፌስ፣ በአንድሮይድ 8 ደግሞ ከሙሉ መስኮት መቅዳት አስችሏል። አስቀድሞ ተስሎ ያለቀውን ስለሚገለብጥ ዳግም መሳል የሚያመጣው ችግር የለበትም። ሆኖም በመስኮቱ ላይ የተከፈተ የንግግር ሳጥን በራሱ መስኮት ውስጥ ስለሆነ አይታይም፤ ኪቦርዱም እንዲሁ። የሳጥኑን መስኮት ለብቻ አንስቶ ማጣበቅ ይቻላል፤ ኪቦርዱ ግን የሌላ ፕሮግራም ንብረት ስለሆነ በዚህ መንገድ ፈጽሞ አይገኝም።

አይፎን ላይ ከአይኦኤስ 7 ጀምሮ ያለው ድሮው ሃይራርኪ የተባለው ጥሪ፣ ማለትም ኮድ ስርዓቱን የሚያዝበት ትእዛዝ፣ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ በአይኦኤስ 10 ከመጣው የምስል ማዘጋጃ ክፍል ጋር ተቀናጅቶ የመተግበሪያውን መስኮት በምስል ይመልሳል። ለአንድሮይድም ለአይፎንም በአንድ ኮድ መተግበሪያ በሚሠራበት ፍላተር ውስጥ ደግሞ ሪፔይንት ባውንደሪ የተባለው ዊጄት፣ ማለትም የገጽ መገንቢያ ክፍል፣ ወደ ምስል ሊቀየር ይችላል። የፒክስል ሬሾው፣ ማለትም በአንድ የገጽ መለኪያ አሃድ ውስጥ በየአቅጣጫው የሚገቡት ፒክስሎች ብዛት፣ ካልተገለጸ ምስሉ በጣም ደብዛዛ ይወጣል፤ ነባሪው ዋጋ 1 ሲሆን የዛሬ ስልኮች ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3.5 ይደርሳሉ።

ተጠቃሚዎች ሊሰጉበት የሚገባው ይህ ቀላል፣ ጸጥ ያለና ፈቃድ የማይጠይቅ መንገድ ነው። የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በ2018 ባወጡት ጥናት 17,260 የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን ፈትሸዋል። ማይክሮፎን በድብቅ ተከፍቶ ድምፅ ሲላክ አላገኙም፤ ተጠቃሚው ሳያውቅ የራሱን ስክሪን ቀርጾ ለሦስተኛ ወገን የሚልክ መተግበሪያ ግን አግኝተዋል። በ2019 መጀመሪያ ላይ የቴክኖሎጂ ዜና ድረ ገጹ ቴክክራንች የታወቁ የአይፎን መተግበሪያዎች ሴሽን ሪፕሌይ የሚባል አገልግሎት እንደሚጠቀሙ ዘገበ። ሴሽን ሪፕሌይ ተጠቃሚው በመተግበሪያው ውስጥ ያደረገውን እያንዳንዱን ንክኪ ከምስሉ ጋር መዝግቦ በኋላ እንደ ፊልም የሚያጫውት የትንተና መሣሪያ ነው። አፕል ከዘገባው በኋላ አበልጻጊዎች ወይ ቅጂውን በግልጽ እንዲያስታውቁ ወይ እንዲያስወግዱ አዘዘ። በሁለቱም ጉዳዮች የሌላ መተግበሪያ ፒክስል አልተነካም። ችግሩ የካርድ ቁጥርና የፓስፖርት መረጃ የሚጻፈው በዚያው መተግበሪያ መስኮት ውስጥ መሆኑ ነው።

ሙሉ ስክሪን በአንድሮይድ፦ ሚዲያ ፕሮጀክሽን

ሕጋዊው መንገድ የተከፈተው በአንድሮይድ 5 ሲሆን ስሙ ሚዲያ ፕሮጀክሽን ይባላል። አሠራሩ ከፎቶ ይልቅ ፕሮጀክተርን ይመስላል። መተግበሪያው ቨርቹዋል ዲስፕሌይ፣ ማለትም በሶፍትዌር ብቻ ያለ ሁለተኛ ስክሪን፣ ይፈጥራል፤ አቀናባሪው ዋናውን ስክሪን ወደዚያ ያንጸባርቃል፤ መተግበሪያውም ከዚያ ላይ አንድ ፍሬም፣ ማለትም አንድ ነጠላ ምስል፣ ይወስዳል። ለአንድ ስክሪንሾት የቪዲዮ መቅረጫ የመዘርጋት ያህል ሥራ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ቅደም ተከተሉ ጥብቅ ነው። በመጀመሪያ ማኒፌስቱ ላይ፣ ማለትም መተግበሪያው ራሱን በሚያስተዋውቅበት ፋይል ላይ፣ ዓይነቱ ሚዲያ ፕሮጀክሽን የሆነ ፎርግራውንድ ሰርቪስ ይመዘገባል። ፎርግራውንድ ሰርቪስ ቋሚ ማሳወቂያ እያሳየ የሚሠራ የጀርባ ሥራ ነው፤ ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል፤ አንድሮይድ 14 ደግሞ ለዚሁ ዓይነት የተለየ ፈቃድ እንዲጻፍ ይጠይቃል። ከዚያ የስርዓቱ የስምምነት ሳጥን ይጠራል። ተጠቃሚው ሲስማማ ሰርቪሱ ይነሳል፤ ቀጥሎም ከስምምነቱ የተገኘው ውጤት ወደ ፕሮጀክሽን ይለወጣል። አንድሮይድ 14ን ያነጣጠረ መተግበሪያ ከስምምነቱ በፊት ሰርቪሱን ካስነሳ በደኅንነት ስህተት ይዘጋል። ፕሮጀክሽኑ ሲቆም የሚጠራው ኮድም ቨርቹዋል ዲስፕሌዩ ከመፈጠሩ በፊት መመዝገብ አለበት፤ አለበለዚያ ሌላ ስህተት ይከተላል። ከአሮጌ መመሪያ የተገለበጠ ኮድ አዲስ ስልክ ላይ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ነው።

ምስሉን የሚቀበለው ኢሜጅ ሪደር ይባላል። በስክሪኑ ስፋትና ቁመት፣ በፒክስል 4 ባይት በሚይዝ የቀለም ቅርጽ፣ 2 ምስል እንዲይዝ ተደርጎ ይዘጋጃል። ልኩ መወሰድ ያለበት ከሙሉ የስክሪን መለኪያ ነው፤ የታች መዳሰሻ መስመሩን ቀንሶ ከሚሰጠው የድሮ ጥሪ ከተወሰደ ምስሉ ተጨምቆ ወይም በጥቁር ጠርዝ ታጅቦ ይመጣል። አንድሮይድ 11 ለዚህ ከፍተኛውን የመስኮት መለኪያ የሚሰጥ ጥሪ አለው።

ከዚህ በኋላ የሚያጋጥመው በጣም የተለመደ ችግር የተንጋደደ ምስል ነው፦ እያንዳንዱ መስመር ከላይኛው በጥቂቱ እየሸሸ ሥዕሉ በሰያፍ ይቀደዳል። ምክንያቱ የግራፊክስ ሃርድዌሩ እያንዳንዱን መስመር ለአሠራሩ በሚመች ቁጥር ላይ ማሳረፉ ነው። ስፋቱ 1080 ፒክስል የሆነ ስክሪን በመስመር 4,320 ባይት ይፈልጋል። ሃርድዌሩ በ64 ባይት የሚያስተካክል ከሆነ መስመሩን ወደ 4,352 ያሳድገዋል። ይህ ትክክለኛ የመስመር ርዝመት ሮው ስትራይድ ይባላል። ልዩነቱ 32 ባይት ወይም 8 ፒክስል ነው። ስለዚህ ቢትማፑ በ1088 ስፋት ተፈጥሮ መረጃው ከተገለበጠበት በኋላ ወደ 1080 መቆረጥ አለበት። ቁጥሩ ከስልክ ስልክ ስለሚለያይ ከምስሉ ራሱ ማንበብ እንጂ ገምቶ መጻፍ አይገባም። አበልጻጊው ራሱ በሚጠቀምበት ስልክ ላይ ልዩነቱ ዜሮ ሊሆንና ስህተቱ የሚታየው የደንበኞች ስልክ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ችግር የጊዜ ነው። የመጀመሪያው ፍሬም ላይ ገና እየጠፋ ያለው የስምምነት ሳጥን ራሱ ይታያል፤ አንዳንዴም ምስሉ ባዶ ይሆናል። መፍትሔ ተብሎ የሚሰጠው ምክር የመጀመሪያዎቹን ፍሬሞች መጣል ነው፤ ይህ ግን ሌላ ወጥመድ ይፈጥራል። ቨርቹዋል ዲስፕሌይ አዲስ ፍሬም የሚልከው ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ሲለወጥ ብቻ ነው። ስክሪኑ ከረጋ በኋላ የተጣለው ፍሬም የመጨረሻው ሊሆን ይችላል፤ መተግበሪያውም የማይመጣ ምስል ሲጠብቅ ይቀራል። የሚሻለው ሳጥኑ ከጠፋ በኋላ ጥቂት መቶ ሚሊሰከንድ ቆይቶ ዲስፕሌዩን መፍጠር፣ ወይም የመጨረሻውን ፍሬም ይዞ ቆይቶ የተወሰነው ጊዜ ሲያልቅ እሱን መጠቀም ነው።

ሜሞሪም ቀላል ነገር አይደለም። 1080 በ2400 የሆነ አንድ ፍሬም ከ10 ሜጋባይት በላይ፣ 1440 በ3200 የሆነው ደግሞ ከ18 ሜጋባይት በላይ ይወስዳል። የተቀበሉትን ምስል ሳይዘጉ መተው ኢሜጅ ሪደሩን ይሞላዋል፤ 2 ምስል የሚይዘው ሪደር ሁለቱ ካልተለቀቁ ሦስተኛውን አይሰጥም። ወደ ፒኤንጂ የምስል ፋይል የመጭመቅ ሥራውም ከዋናው የስክሪን ክር፣ ማለትም ገጹን ከሚስለው የሥራ መስመር፣ ውጭ መከናወን አለበት፤ አለበለዚያ መተግበሪያው ይንተፋተፋል።

ስልኩ ሲዞር ብዙ ኮድ አሮጌውን ቨርቹዋል ዲስፕሌይ አፍርሶ አዲስ ይፈጥራል። አንድሮይድ 14 ይህን ከልክሏል፤ አንድ ስምምነት አንድ ጊዜ ብቻ ዲስፕሌይ ለመፍጠር ያገለግላል። ያለውን ዲስፕሌይ ልኩን መቀየርና አዲስ ሰርፌስ መስጠት ይቻላል፤ በዚያ መንገድ ሌላ ስምምነት አያስፈልግም።

የተደራሽነት አገልግሎት

ሁለተኛው በር የተከፈተው በአንድሮይድ 11 ነው። የተደራሽነት አገልግሎት ማየት ወይም መንካት ለሚቸገሩ ሰዎች ስክሪኑን የሚያነብና በእነሱ ስም የሚነካ ፕሮግራም ነው። አገልግሎቱ በማስተካከያ ፋይሉ ላይ ስክሪንሾት እንደሚያነሳ ካስታወቀ አንድ ጥሪ ሙሉውን ስክሪን ይሰጠዋል። ቨርቹዋል ዲስፕሌይም በየጊዜው የሚመጣ የስምምነት ሳጥንም የለም፤ ተጠቃሚው አገልግሎቱን በሴቲንግ ውስጥ አንድ ጊዜ ማብራቱ ይበቃል። ጥሪዎቹ ከተቀራረቡ ስርዓቱ ይከለክላል፤ በቅርብ ስሪቶች ውስጥ ዝቅተኛው ልዩነት 333 ሚሊሰከንድ ነው። የሚመለሰው ምስል ግራፊክስ ሜሞሪ ላይ ስለሆነ ፒክስሎቹን ለማንበብ በቅድሚያ ወደ ተራ ቢትማፕ መገልበጥ ያስፈልጋል።

ከዚህ በተለየ፣ አንድሮይድ 9 ላይ የመጣ ሌላ የተደራሽነት ትእዛዝ አለ። ሁለቱን ቁልፎች ተጭኖ እንደማንሳት ያህል ነው፤ ምስሉ ጋለሪ ውስጥ ይገባል እንጂ ለጠሪው አይሰጥም። ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው።

ይህ በር ምቹ በመሆኑ አደገኛም ነው። የባንክ መረጃ የሚሰርቁ ፕሮግራሞች ተጠቃሚው የተደራሽነት አገልግሎት እንዲያበራላቸው የሚወተውቱት ስክሪን ለማየት ብቻ ሳይሆን ጽሑፍ ለማንበብና በራሳቸው ቁልፍ ለመጫንም ነው። በዚህ ምክንያት አንድሮይድ 13 ከመደብር ውጭ የተጫኑ መተግበሪያዎች ይህን ፈቃድ በቀላሉ እንዳያገኙ ገድቧል፤ ጎግል ፕሌይም አገልግሎቱን ከአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ውጭ የሚጠቀሙ መተግበሪያዎች ዓላማቸውን ለተጠቃሚው በጉልህ እንዲገልጹና ለመደብሩ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ለስህተት ሪፖርት አንድ ምስል ለማያያዝ ብሎ ይህን በር መጠቀም፣ በቴክኒክ ቢቻል እንኳ፣ ትክክል አይደለም። ከሚፈለገው በላይ ሥልጣን ይሰበስባል።

አይፎን ላይ

አፕል ሌላ መተግበሪያ የሳለውን አንድ ምስል አድርጎ የሚመልስ ሕጋዊ ጥሪ አይሰጥም። ቀደም ሲል ሙሉ ስክሪን የሚመልስ ያልታወጀ ጥሪ ነበር፤ አፕል ለአጭር ጊዜ ፈቅዶት በ2010 ከልክሎታል። ዛሬ ያልታወጁ ጥሪዎችን የያዘ መተግበሪያ በምርመራ ወቅት ይመለሳል።

የቀረው መንገድ በ2015 የመጣው ሪፕሌይኪት ነው። በመጀመሪያ የሚቀርጸው ራሱን መተግበሪያውን ብቻ ነበር። አይኦኤስ 11 ሙሉውን ስክሪን ማሰራጨት አስቻለ፤ አይኦኤስ 12 ደግሞ ስርጭቱን ከመተግበሪያው ውስጥ የሚያስጀምር ቁልፍ አመጣ። ቁልፉን መጫን ያለበት ተጠቃሚው ነው፤ ስርዓቱ ከ3 ቁልቁል ይቆጥራል፤ እየተቀረጸ እንደሆነ የሚናገር ቀይ ምልክትም ከላይ ይታያል። ፍሬሞቹን የሚቀበለው ዋናው መተግበሪያ ሳይሆን ኤክስቴንሽን የተባለ፣ ከመተግበሪያው ጋር ተጭኖ ለብቻው የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ምስሉን ለዋናው መተግበሪያ ለማቀበል ሁለቱ የሚጋሩት አፕ ግሩፕ የተባለ ማከማቻ ያስፈልጋል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው የኤክስቴንሽኑ ሜሞሪ ወሰን 50 ሜጋባይት አካባቢ ስለሆነ ነው። 1179 በ2556 የሆነ ፍሬም ወደ 4 ባይት ቀለም ሲቀየር 12 ሜጋባይት ይሆናል። ሦስት አራት ቅጂ በአንድ ጊዜ ከተያዘ ስርዓቱ ኤክስቴንሽኑን ያለማስጠንቀቂያ ይገድለዋል፤ ተጠቃሚው የሚያየው ስርጭቱ መቋረጡን ብቻ ነው። ፍሬሙ ሲደርስ የሚይዘው የብርሃንና የቀለም መጠን የተነጣጠለበትን ቅርጽ ነው፤ ይህ በፒክስል አንድ ተኩል ባይት ብቻ ስለሚፈልግ ወደ ጄፔግ በቀጥታ ከእሱ መቀየር ይሻላል። ስልኩ ሲዞር ምስሉ አብሮ አይዞርም፤ አቅጣጫው ከፍሬሙ ጋር በተያያዘ ምልክት ላይ ተጽፎ ይመጣል።

ምስሉ ጥቁር ሆኖ ሲመጣ

ሁሉም ነገር በትክክል ተሠርቶ ምስሉ ጥቁር ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፍላግ ሴኪዩር የተባለው፣ አንድ መተግበሪያ መስኮቱ እንዳይነሳ የሚያደርገው ምልክት ነው። መስኮቱ ይህ ምልክት ካለው አቀናባሪው ለቅጂ በሚያዘጋጀው ምስል ላይ ያንን ሰርፌስ አያሳይም። ቁልፍ ተጭኖ የሚነሳውም፣ ሚዲያ ፕሮጀክሽንም፣ የተደራሽነት ጥሪውም ይታገዳሉ። በሃርድዌር የተጠበቁ የፊልም መተግበሪያዎችም ለተመሳሳይ ውጤት የራሳቸው ዘዴ አላቸው። በኮድ የሚታለፍ መንገድ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው፤ ጥበቃው ያለው ከመተግበሪያው ውጭ ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ክርክር አለ። የባንክ መተግበሪያዎች ምልክቱን በሁሉም ገጽ ላይ ሲያደርጉት ደንበኛው የከፈለበትን ደረሰኝ እንኳ አንስቶ ማቆየት አይችልም፤ በሌላ ስልክ ፎቶ ለማንሳት ይገደዳል። ደጋፊዎቹ ደግሞ ርቀት ላይ ሆኖ ስክሪን የሚያይ አጭበርባሪን የሚያቆመው ይህ ብቻ እንደሆነ ይናገራሉ። ሁለቱንም የሚያስታርቅ አሠራር አለ፤ ምልክቱ የሚደረገው በመስኮት ስለሆነ የይለፍ ቃልና የሒሳብ ገጾችን ሸፍኖ ደረሰኙን ነጻ መተው ይቻላል። በሌላ በኩል ምልክቱ ፒክስልን እንጂ ጽሑፍን አይሸፍንም። የተደራሽነት አገልግሎት በጥቁሩ መስኮት ውስጥ ያለውን ጽሑፍ አሁንም ማንበብ ይችላል። አንድሮይድ 14 ይህን ለመዝጋት ሚስጥራዊ ቪውን ለእውነተኛ የተደራሽነት መሣሪያዎች ብቻ የሚያሳይ መለያ ጨምሯል፤ ብዙዎች ግን ገና አይጠቀሙበትም።

በየጊዜው መጠየቅ ይገባል?

በጣም የሚያከራክረው የአንድሮይድ 14 ለውጥ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ የተገኘን ስምምነት ይዞ ሰርቪሱ እስካለ ድረስ ደጋግሞ መጠቀም ይቻል ነበር። አሁን እያንዳንዱ የማንሳት ክፍለ ጊዜ አዲስ ስምምነት ይጠይቃል፤ ተጠቃሚውም ከሙሉ ስክሪኑ ይልቅ አንድ መተግበሪያ ብቻ ማጋራት ይችላል። የርቀት ድጋፍ፣ የስክሪን ትርጉምና የሙከራ መሣሪያ የሚሠሩ አበልጻጊዎች ይህ ምርታቸውን አሰልቺ አድርጎታል ይላሉ። ትክክል ናቸው፤ በየገጹ ሳጥን የሚያወጣ ተርጓሚ ማንም አይታገሥም። በሌላ በኩል ደግሞ አንዴ "እሺ" ተብሎ ለሳምንታት ክፍት የሚሆን በር ስምምነት ሊባል አይችልም፤ ተጠቃሚው ረስቶታልና። ሚዛኑን የሚጠብቀው ለውጡ የከለከለውን በትክክል ማንበብ ይመስላል። የታገደው የስምምነቱ ዳግም አጠቃቀም ነው፤ አንዱን ክፍለ ጊዜ ክፍት አድርጎ፣ ምልክቱ እየታየ፣ ከዚያው ዲስፕሌይ ላይ ብዙ ፍሬም መውሰድ አልታገደም። መተግበሪያው በርግጥ ሙሉውን ስክሪን የሚፈልግ ከሆነ የአንድ መተግበሪያ ምርጫው እንዳይቀርብ የሚያደርግ ማዋቀሪያ አለ።

አቅጣጫው ግልጽ ነው። አንድሮይድ 15 ስክሪን በሚጋራበት ጊዜ የማሳወቂያዎችን ሚስጥራዊ ይዘትና የአንድ ጊዜ የይለፍ ኮዶችን ይሸፍናል፤ ከተከተሉት ዝማኔዎች ወዲህ ስልኩ ሲቆለፍ ፕሮጀክሽኑ በራሱ ይቆማል። ይህን የማይጠብቅ ኮድ ከተቆለፈ በኋላ የሞተ ዲስፕሌይ ላይ ፍሬም ሲጠብቅ ይቀራል፤ የማቆሚያ ጥሪው ላይ ሁሉንም መልቀቅ ያስፈልጋል።

መተግበሪያዎችም በበኩላቸው ሲነሱ ማወቅ ጀምረዋል። አይፎን ከአይኦኤስ 7 ጀምሮ ስክሪንሾት መነሳቱን፣ ከአይኦኤስ 11 ጀምሮ ደግሞ ስክሪኑ እየተቀረጸ መሆኑን ይናገራል። አንድሮይድ 14 በቁልፍ የተነሳን ስክሪንሾት፣ አንድሮይድ 15 ቀረጻን የሚያሳውቅ ጥሪ አላቸው። የአንድሮይድ 14 ጥሪ በኤዲቢ የተነሳውን አያይም፤ የአይፎኑ የስክሪንሾት ማሳወቂያም የሚደርሰው ምስሉ ከተነሳ በኋላ ነው። ስለዚህ ማገጃ አድርጎ የሚቆጥራቸው ይሳሳታል።

ተጠቃሚው ችግሩን ለድጋፍ ክፍል እንዲያሳይ ብቻ የሚፈልግ መተግበሪያ ይህን ሁሉ መንገድ መጓዝ አያስፈልገውም። ችግሩ በራሱ መስኮት ውስጥ ከሆነ ፒክስል ኮፒ ይበቃዋል፤ ከመላኩ በፊት ምስሉን ለተጠቃሚው ማሳየትና የሚጻፍባቸውን ሳጥኖች መሸፈን ግን መዘለል የሌለበት ነው። ኪቦርዱ ወይም ሌላ መተግበሪያ መታየት ካለበት ተጠቃሚው ራሱ በቁልፍ አንስቶ እንዲያያይዝ መጠየቅ ይቻላል። በአይኦኤስ 14 እና በአንድሮይድ 13 የመጡት የፎቶ መምረጫዎች የተመረጠውን አንድ ምስል ብቻ ለመተግበሪያው ያስረክባሉ፤ የጋለሪ ፈቃድ አይጠይቁም፤ የቀሩት ፎቶዎችም ለመተግበሪያው አይታዩም።